«አሳርፍ» ለማለት ያፈረ ሰው

«ዙር» አለ ክሬኑ የሚሉት ዕቃ ጫኝ ከላይ ሆኖ። «ግራህን ጠብቅ። አንድ ደረጃ... ሌላ... አሁን ዙር።»

ቁም ሣጥኑ የዋዛ አልነበረም። በመጋዝ ብናኝና በሙጫ የሚጣበቁትን የዘንድሮዎቹን ዓይነት ሳይሆን፣ ሳይቸኩል የሚሠራ አናጢ ከወፍራም ጣውላ ያቆመው የድሮ ዕቃ ነው። ሌላው ዕቃ ሁሉ ገብቶ እሱ ብቻ ቀርቷል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መሀል፣ ደረጃው የሚታጠፍበት ጥብብ ያለ ቦታ ላይ ደርሰዋል። ክሬኑ ወደ ኋላው እየተራመደ የሣጥኑን ራስ ይዟል፤ ከታች የሚስቱ ታናሽ ወንድም ክብደቱን በደረቱና በትከሻው ችሎ ይገፋል። ከሁለቱም በላይ፣ በራቸው ላይ፣ የዕቃው ባለቤት የሆኑት ጡረተኛ መምህርት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ቀለሙን አደራ፣ ግድግዳውን አደራ» ይላሉ።

ያን ጊዜ መጣበት። ከወገቡ ተነስቶ፣ በቀኝ መቀመጫው ሥር አልፎ፣ በጭኑ ጀርባና በባቱ ወርዶ እስከ ትንሿ የእግር ጣቱ የሚነዝረው ያ ሕመም። ከዚህ በፊት ሲመጣበት ጥርሱን ነክሶ ያሳልፈው ነበር። ዛሬ ግን እግሩ ከነአካቴው ከዳው፤ ከጉልበቱ በታች ያለው የሌላ ሰው እግር ሆነበት።

ዕቃ ጫኞች ለእንዲህ ያለው ጊዜ መላ አላቸው። አንዱ «አሳርፍ» ካለ ሌላው ለምን ሳይል ዕቃውን የደረሰበት ደረጃ ላይ ያስቀምጣል። የተኳረፉ ሰዎች እንኳ ይህንን ሕግ አይጥሱም። ችግሩ ሕጉ ላይ የተለጠፈችው ቀልድ ናት። በዕለቱ ቀድሞ «አሳርፍ» ያለ ሰው እስኪመሽ ድረስ «አራስ» እየተባለ ይውላል። «አራሷ ትቀመጥ፣ አራሷን ንፋስ እንዳይመታት፣ ለአራሷ ትኩስ ነገር አምጡላት» ይባላል፤ ሰው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል፣ በማግስቱ ደግሞ የሌላው ተራ ይሆናል። ክሬኑ ግን በዚህ ሥራ በኖረበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን አራስ ሆኖ አያውቅም። ክሬኑ ያሰኘውም ይኸው ነው።

ስለዚህ «አሳርፍ» አላለም። ዝም ብሎ ለቀቀው።

ሣጥኑ ቁልቁል ተንሸራተተ። ልጁ በደረቱ አቆመው፤ ባያቆመው ኖሮ እስከ ምድር ቤት ይዞት በወረደ ነበር። ቀኝ እጁ ግን በሣጥኑና በግድግዳው መሀል ቀረ። አልጮኸም። «እህ» ብቻ አለ፣ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው።

«ምንድነው? ማነው የለቀቀው?» አሉ መምህርቷ።

ሌላው ሰው ሲደነግጥ እውነት ያመልጠዋል። ክሬኑን ያመለጠው ውሸት ነበር።

«ምን ነካህ አንተ?» አለ ወደ ታች። «ሳልጠራ ለምን ትራመዳለህ?»

ልጁ ቀና ብሎ አየው። ከሣጥኑ ጠርዝ በላይ የሚታየው ግማሽ ፊቱ ብቻ ነበር፤ እሱም ይበቃ ነበር። ያልገባው ነገር እንደሌለ ከዓይኑ ያስታውቃል።

«ይቅርታ ጋሼ» አለ። «አዳልጦኝ ነው።»

«እኔ እኮ ገና ሳየው ፈርቻለሁ» አሉ መምህርቷ። «እንዲህ ያለ ዕቃ ለልጅ ይሰጣል? ክሬኑ ራሱ ይመጣል ቢሉኝ እኮ ነው አምኜ የጠራሁህ።»

«ምን ይደረግ እትዬ፣ ገና እየለመደ ነው» አለ ክሬኑ።

እየለመደ ነው አለ። ልጁ ከእሱ ጋር መሸከም ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ጢም አውጥቷል፣ እጮኛ ይዟል። ክሬኑ ይህን ብሎ ሲጨርስ ፊቱ በእሳት የተለበለበ ያህል ጋለ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ግን ከአፍ የወጣ ቃል አይመለስም፤ እሱም ለመመለስ አልሞከረም። ጎረቤቶች ረድተዋቸው ሣጥኑን ማዞሪያው ላይ አቆሙትና፣ ነገ ተመልሰው ሊያስገቡት ከመምህርቷ ጋር ተነጋግረው ወረዱ።

የጭነት መኪናቸው ውስጥ ልጁ እጁን በሹራቡ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ክሬኑ ወደ መሪው ሲወጣ፣ እንደ ሰሞኑ ልማዱ፣ መጀመሪያ ወገቡን በጎን አስገባና ከዚያ ቀኝ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አስከተለውና በግራ ጎኑ ብቻ ተደግፎ ተቀመጠ። ልጁ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ሲደርሱ ወደ መስኮቱ እንደሚዞር ክሬኑ ዛሬ ገና ልብ አለ።

ክሊኒኩ ሳይደርሱ ሚስቱ ደወለች።

«ዕቃው ገባ?» አለች።

«አልገባም። ወንድምሽ እጁን ትንሽ ተጎድቶ ወደ ክሊኒክ እየወሰድኩት ነው።»

«ውይ! ምን ሆኖ?»

ክሬኑ ልጁን በጎን አየው። ልጁ ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም።

«አዳልጦት» አለ ክሬኑ።

«ይሄ ልጅ መቼ ነው ልብ የሚገዛው? እማዬ ስትሰማ ምን ትል ይሆን? ያውም በዚህ ሳምንት።»

በዚህ ሳምንት ያለችው ያለ ነገር አልነበረም። መኪናው በሞት የተለዩት የሚስቱ አባት ንብረት ነው። እሳቸው ሲሞቱ ልጁ ገና ተማሪ ስለነበር አማቱ፣ «ልጄ ሰው እስኪሆን አንተ አንቀሳቅሰው» ብለው ለክሬኑ ሰጡት። አሁን ልጁ ሰው ሆኗል፤ ሊያገባም ነው። አማቱ በዚህ ሳምንት መጨረሻ መኪናውን ሊያስረክቡት ተነስተዋል። ክሬኑም «ደግ አደረጉ እማማ፣ ይገባዋል» ብሎ መርቋል።

የመረቀው በአፉ ነው። መሪው ከእጁ ከወጣ የሚቀረው ሸክም ብቻ እንደሆነ፣ ሸክሙን ደግሞ ወገቡ እንደማይችለው በልቡ ያውቃል። ወደዚህ ቤተሰብ ሲገባ ይዞ የመጣው ጉልበቱን ብቻ ነበር። አማቱ ለዘመድ ሲያስተዋውቁት እንኳ «ጉልበት አለው» ነበር የሚሉት፤ ሌላ የሚባልለት ነገር አልተገኘም። ጉልበት የሌለው ክሬን ምን ተብሎ እንደሚጠራ ስላላወቀ ሕመሙን ደበቀው።

አደባበቁ ደግሞ ለጉድ ነበር። ማታ ማታ መሬት ላይ የሚተኛው «ሙቀት ነው» ብሎ ነው። ካልሲ ማድረግ የተወው «እግሬን ያልበኛል» ብሎ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ማጥለቅ እንደማይችል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። «ሰው ልጠይቅ» ብሎ እየወጣ ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል፤ ወጌሻው ጀርባው ላይ ወጥቶ በተረከዙ ሲረግጠው እንዳይጮህ የገዛ ሸሚዙን ይነክሳል፣ ሲነሳም ብሶበት ይነሳል። መድኃኒት ቤት ሄዶ የሕመም ማስታገሻ የሚገዛው «ለአጎቴ ነው» ብሎ ነው። የመድኃኒት ቤቷ ሠራተኛ ጨዋ ልጅ ናት፤ በሄደ ቁጥር «አጎትህ እንዴት ናቸው?» ትለዋለች፤ እሱም «ትንሽ ተሽሏቸዋል» ይላታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ክሬኑስ መድኃኒቱን አግኝቶ ነበር፤ የሚውጠው እሱ ሆኖ የሚሻላቸው ግን አጎቱ ናቸው።

ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት ወጣት ሐኪም የልጁን እጅ አገላብጣ አየች፣ የራጅ ፎቶ አስነሳች፣ ሁለት ጣቶቹ መሰበራቸውን ነገረችው።

«ለሠርጌ ይድናል ዶክተር?» አለ ልጁ። «ሰው ሁሉ እጄን ሊጨብጥ ይመጣል እኮ።»

«ይድናል። እስከዚያው በግራህ ጨብጣቸው» አለች ጄሶውን እያሰረች።

ክሬኑ ተቀመጥ ቢባልም ግድግዳ ተደግፎ በግራ እግሩ ቆሟል። ሐኪሟ አንዴ አየችው፤ ደግማ አየችው።

«እርስዎስ? ምን ሆነው ነው?»

«እኔ? ምንም። መቆም ነው የምወደው።»

«እሱንም ብታዪልኝ» አለ ልጁ ቀና ሳይል። «ወገቡን ያመዋል።»

ክሬኑ ክው አለ። «ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም ጋሼ።»

«ሸሚዝዎን ከፍ ያድርጉና በጀርባዎ ይተኙልኝ» አለች ሐኪሟ አልጋውን እያሳየችው።

ሸሚዙን ከፍ ማድረግ ነበር ጣጣው። ከሥሩ ምን እንዳለ ክሬኑ ያውቃል። ሚስቱ የመጨረሻ ልጃቸውን ከወለደች በኋላ ሆዷን ታስርበት የነበረ ሮዝ ላስቲክ ነው፤ ዳር ዳሩ ጥልፍ ያለው፣ በጎኑ በመንጠቆ የሚያያዝ። አሮጌ ሻንጣ ውስጥ አግኝቶት አንድ ቀን ቢታጠቀው ወገቡን ደገፈለት፤ ከዚያ ወዲህ ያለ እሱ ሥራ ወጥቶ አያውቅም። ሐኪሟ ምንም ሳትል መንጠቆውን ፈታችው። ልጁ ግን አወቀው። የእህቱን ዕቃ እንዴት ያጣዋል? ስንቴ ከማስጫው ገመድ ላይ አንስቶ አጣጥፎታል።

ክሬኑ የልጁን አፍ ተመለከተ። «አራስ» የሚለው ቃል ከንፈሩ ላይ ደርሶ ሲመለስ በዓይኑ አየው። ልጁ ዋጠው። ምነው በሳቀብኝ አለ ክሬኑ በልቡ፤ ለዓመት የሚበቃ ሳቅ ነበር እኮ። የማይሳቅበት ሰው መሆን ከዚህ ቀደም ደርሶበት አያውቅም።

ሐኪሟ ቀኝ እግሩን ጉልበቱን ሳታጥፍ ቀስ አድርጋ አነሳችው። ገና ከአልጋው ብዙም ሳይርቅ ነዘረውና የአልጋውን ብረት ጨመደደ።

«ሳያቲካ ይባላል» አለች። «ከወገብ ተነስቶ በመቀመጫ በኩል እስከ እግር የሚወርድ ትልቅ ነርቭ አለ። ወገብዎ ላይ ሲጫን ሕመሙ እስከ እግርዎ ይሄዳል። ከጀመረዎት ቆየ?»

«የለም... ሰሞኑን ነው።»

«ከክረምት ጀምሮ ነው» አለ ልጁ።

«ሽንትዎን መቆጣጠር አቅቶዎት ያውቃል? ብልትዎ አካባቢስ ይደነዝዝዎታል?»

በሚስቱ ወንድም ፊት ይህ ተጠየቀ። ክሬኑ ወደ ግድግዳው ዞሮ «ኧረ የለም» አለ፣ የእሱ በማይመስል ትንሽ ድምፅ።

«ይህ ከመጣ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ለጊዜው አይፍሩ፤ አብዛኛው ሰው ያለ ኦፕሬሽን ይሻለዋል። ጀርባዎ ላይ ሰው አያስወጡ። አልጋ ላይም አይዋሉ፤ በቻሉት መጠን በእግርዎ ይንቀሳቀሱ። ወደ ፊዚዮቴራፒ እልክዎታለሁ። ሸክም ግን ያቆማሉ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«እሱን አሁን አልነግርዎትም። እግርዎ እየደከመ ነው። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ይከዳዎትና ሰው ይጎዳሉ።»

ልጁ ጄሶውን ያይ ነበር።

ግቢው ውስጥ፣ ወደ መኪናው ሲሄዱ፣ ክሬኑ ቆመ።

«ካወቅክ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? አንተ አልነገርከኝ።»

«ታዲያ ሁልጊዜ ከታች እኔ ልሁን የምትለው...»

«ከታች ነዋ የሚከብደው» አለ ልጁ።

ክሬኑ እስከዛሬ ያታለለው እየመሰለው ነበር። «እኔ ከላይ ሆኜ መንገድ ላሳይህ» እያለ ቀላሉን ጫፍ ሲይዝ ብልጠቱን በልቡ ያደንቅ ነበር። ለካ ያስያዘው ልጁ ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የክሬኑን ወገብ ወሬ ሰው ሁሉ ሰምቶት የቀረው እሱ ብቻ ነበር።

«ደረጃው ላይስ? ለምን አዳለጠኝ አልክ?»

«ሴትዮዋ ፊት ምን ላድርግህ ጋሼ? የጀመርከው አንተ ነህ።»

ክሬኑ የመኪናውን በር ከፈተ። «ለእማማ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለ።

«እንደፈለግክ» አለ ልጁ። እንዳላመነው ከድምፁ ያስታውቅ ነበር።

አማቱ ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሚስቱ ቀድማ መጥታ እናቷ አጠገብ ተቀምጣለች። አማቱ ጄሶውን ሲያዩ መጀመሪያ አለቀሱ፣ ቀጥለው ተቆጡ።

«አባትህ ዕድሜ ልኩን በዚያ መኪና ሲሠራ የሰው ብርጭቆ አልሰበረም» አሉት። «አንተ ገና ሳትረከበው የሰው ሣጥን...»

«ሣጥኑ እንኳ ደህና ነው እማዬ።»

«ዝም በል። እኔ ደግሞ ሰው ሆነልኝ ብዬ ላስረክበው ተነስቻለሁ።» ወደ ክሬኑ ዞሩ። «አንተስ እዚያ በር ላይ ምን ገተረህ? ተቀመጥ እንጂ።»

«ደህና ነኝ እማማ።»

«ተይው፣ መቆም ይወዳል» አለ ልጁ።

ክሬኑ የበሩን መቃን ተደግፎ ክብደቱን ሁሉ በግራ እግሩ አሳርፏል። ከመቀመጫው እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጋለ ሽቦ የተወጋ ያህል ይለበልበዋል። አማቱ ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በል እንግዲህ» አሉት፣ «ይሄ ልጅ ልብ እስኪገዛ መኪናው አንተው ዘንድ ይቆይ። ምን ትላለህ?»

መናገሪያው ጊዜ ይኸው ነበር። ቃሉን መንገዱን ሙሉ ሲያሰናዳው ነው የመጣው። አፉን ከፈተ።

«ደረጃውም እኮ እርጥብ ነበር እማማ» አለ። «በእሱ ብቻ አይፈረድም።»

ደረጃው ደረቅ ነበር። ሚስቱ ወንድሟን በክርኗ ነካ አድርጋ «አየህ፣ ይከራከርልሃል እንኳ» አለችው። ልጁ ወለሉን እያየ ፈገግ አለ። የሚጠብቀው ነገር ሲሆን ያየ ሰው ፈገግታ ነበር። ክሬኑ አፈረ። ሰው አይቶበት ማፈርን ያውቀዋል፤ ሰው ሳያውቅበት፣ ጭራሽ እየተመሰገነ፣ እንዲህ ያፈረበት ቀን ግን አልነበረም። መኪናው በእጁ ቀርቶለታል፤ እጁን ቆርጠው ቢጥሉት ደስ ባለው ነበር።

ስልኩ ጮኸ። መምህርቷ ናቸው።

«ውጣና አውራ፣ እዚህ አይሰማም» አለች ሚስቱ። እውነቷን ነው፤ በዚያ ቤት በስልክ የሚነጋገር ሰው ሁሉ ግቢ ወጥቶ ነው። በሩ ደግሞ እዚያው ከጀርባው ነው።

አልወጣም። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ «አቤት እትዬ» አለ።

«ክሬኑ፣ ነገ ስትመጣ ያንን ልጅ እንዳታመጣብኝ» አሉ መምህርቷ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «እንዳንተ ያለ ጠንካራ ሰው ፈልግ።»

«እትዬ ይስሙኝ። ልጁ አላዳለጠውም። የለቀቅኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አልከኝ? አይሰማኝም።»

ክሬኑ ድምፁን ከፍ አደረገ። ስልክ የሚቆራረጥበት ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ጮኾ ነበር የሚናገረው።

«የለቀቅኩት እኔ ነኝ አልኩዎት። ወገቤን ታምሜያለሁ፣ እግሬ አይዘኝም። አሳርፍ ማለት አፈርኩና ለቀቅኩት። ከዚያ ደግሞ በእሱ አሳበብኩ። እሱ ባይኖር ሣጥንዎ ተሰባብሮ ነበር።»



«ታዲያ ነገ ማን ሊመጣ ነው?» አሉ መምህርቷ።

«እሱ ነው የሚመጣው። ሁለት ሰው ይቀጥርና ያዛቸዋል። ከእንግዲህ ሥራ ሲኖርዎት ለእሱ ነው የሚደውሉት፤ መኪናው የእሱ ነው። እኔ አልሸከምም።»

ስልኩን ዘጋ። አማቱ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ሚስቱ ወንድሟን፣ ከዚያ እሱን፣ ከዚያ እንደገና ወንድሟን ታያለች። ልጁ ጄሶው ላይ የሌለ አቧራ ያራግፋል። ማንም «አይዞህ» አላለውም፤ እሱም አልጠበቀም።

እግሩ ከዚህ በላይ አልያዘውም። ወንበር አለ፤ ወንበር ላይ መቀመጥ አይችልም። ግቢ ቢወጣ ማንም አያየውም ነበር። በዚያ ቤት አማት ፊት እግር መዘርጋት እንኳ ነውር ነው። ክሬኑ የበሩን መቃን ይዞ ቀስ እያለ ተንበረከከ፣ ከዚያ በጎኑ፣ ከዚያ በጀርባው፣ አማቱ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተጋደመ።

«ይቅርታ እማማ» አለ ጣሪያውን እያየ። «መቀመጥ አልችልም።»